አዲስ ስበሪልኝ

«ያንን ተይው፤ አዲስ ስበሪልኝ» አሏት ጋሼ፣ ኦፕራሲዮን ጠረጴዛው ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ።

የቀጮ እጅ ትሪው ላይ ነበር። አረንጓዴውን ጨርቅ ገልጣ፣ በተርታ ከተደረደሩት መርፌዎች መካከል የሕመም ማስታገሻው ሞርፊን የተሞላውን አንስታ፣ በላዩ የተለጠፈውን ፕላስተር እያነበበች ነው። ጽሕፈቱ የራሳቸው የጋሼ ነው። ጠዋት፣ ሕመሙ ሳይጥላቸው በፊት የጻፉት፣ ለተማሪ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ የሚመስል ግልጽ ጽሕፈት።

«ራስዎ የሞሉት ነው እኮ» አለቻቸው። «ከእርስዎ የተሻለ እጅ ከየት ላምጣ?»

«የእኔ መሆኑንማ አውቃለሁ። አዲስ ስበሪ ነው የምልሽ።»

«ጋሼ፣ ዛሬ በሽተኛ ነዎት። በሽተኛ ደግሞ ዝም ብሎ ይተኛል፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

አካባቢው ያሉት ነርሶች ከማስካቸው ሥር ሳቁ። ጋሼም ሊስቁ ሞክረው ሕመሙ መሀል ላይ ቆረጣቸው። አንጀታቸው ተጠማዟል፤ ሆዳቸው ተነፍቶ እንደ ከበሮ ሆኗል፤ የሚከራከሩበት ሰዓት አልነበረም። ቀዶ ሐኪሙ ታጥቦ፣ ጓንቱን አጥልቆ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ እየጠበቀ ነው።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ፣ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው። «እንግዲያው እጅሽ አይሰስትብኝ።»

ይቺ ቃል ቀጮን ወጋቻት። ሰሞኑን በዚህ ሆስፒታል ማደንዘዣ ይቆጥባል ተብሎ «እጀ ሰስታም» የሚባለው ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ጋሼ ግን እንዲህ ብለው የሚያቆስሏት ሰው አልነበሩም፤ ሕመሙ ነው ያናገራቸው ብላ ዋጠችው።

ጋሼ የሆስፒታሉ አንጋፋ የሰመመን ባለሙያ ናቸው። ሰው ማስተኛት ቀላል ነው፣ ሥራው ማስነሣቱ ላይ ነው ይላሉ። በሽተኛ ሊነቃ ሲል ጆሮው ሥር ጎንበስ ብለው «ተንፍስ የኔ ጌታ፣ ተንፍስ» ስለሚሉ ሠራተኛው ሁሉ ከኋላቸው «አባ ተንፍስ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ይወዱታልም። ቀጮ የሚለውን ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ለልምምድ የመጣች ቀን «ይቺን ንፋስ እንዳይወስድብን መስኮቱን ዝጉ» አሉ፤ ከዚያ ወዲህ እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። የመተንፈሻ ቱቦ አገባብ ያስተማሯት፣ በሽተኛ እጇ ላይ ሲከብድባት ከጀርባዋ መጥተው «አለሁ» የሚሏት እሳቸው ናቸው። አባቷን በልጅነቷ ያጣች ስለሆነች፣ አባት ማለት እንዲህ ነው ብላ የገመተችውን ሁሉ እሳቸው ላይ አድርጋዋለች።

የትሪው ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ራስህ ያልሞላኸውን መርፌ ለሰው አትሰጥም፤ ይሄ የሙያው ሕግ ነው። ሕጉን ለሁሉም ያስተማሩት ጋሼ ናቸው፣ ሕጉ የማይነካቸውም ጋሼ ብቻ ናቸው። ማልደው ይመጣሉ። ሌላው ገና ልብሱን ሳይቀይር እሳቸው ቁምሳጥኑን ከፍተው፣ የመድኃኒቱን ትንሽ ብልቃጥ፣ አምፑሉን፣ አንገቱን እየሰበሩ፣ ለየክፍሉ ትሪ ሞልተው፣ ጨርቅ አልብሰው ይጠብቃሉ። «ልጆቼ፣ እናንተ ሻያችሁን ጠጡ» ይላሉ። እንዲህ ያለ አለቃ ከየት ይገኛል? ደግነትን ደግሞ ማን ይመረምራል? ዛሬም ትሪዎቹን ሞልተው፣ ቁምሳጥኑን ቆልፈው ዞር ከማለታቸው ነው ሆዳቸውን ይዘው እዚያው የወደቁት። የቁምሳጥኑን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው ለቀጮ ሲሰጡ እጃቸው አልለቅ ብሎ ነበር።

ክንዳቸው ላይ ደም ሥር ብትፈልግ ብትፈልግ አጣች። «እዚያ አትድከሚ፤ ሞቷል» አሉና በቀኝ አውራ ጣታቸው ሥር ያለችውን ቀጭን ደም ሥር ራሳቸው አሳዩዋት። የሽማግሌ ደም ሥር ነው ብላ አለፈችው።

የኦክስጅኑን ጭንብል ፊታቸው ላይ አደረገች። «ተንፍሱ ጋሼ፣ ተንፍሱ።»

ቀና ብለው አዩዋት። ዓይናቸው አንድ ነገር ሊላት ፈልጎ ነበር፤ ይህን ግን ያወቀችው በኋላ ነው። ያን ሰዓት ያየችው ፍርሃት ብቻ ነበር፤ የሚፈራ በሽተኛ ደግሞ በየቀኑ ታያለች። የሚያስተኛውን መድኃኒት ሰጠች፤ ጡንቻ የሚያላላውን ሰጠች፤ ቱቦውን አስገባች፤ ከትሪው ያነሳችውንም ሞርፊን እሳቸው በሚሞሉት መጠን እስከ መጨረሻው ገፋችው።

ቢላዋው ከገባ ብዙም ሳይቆይ ሞኒተሩ መፍጠን ጀመረ። ሲረጋ የነበረው ጢት ጢት የሚል ድምፅ አንዱ በሌላው ላይ ተደራረበ። ልባቸው መቶ ሃያ፣ መቶ ሠላሳ እያለ ወጣ፤ የደም ግፊታቸውም ተከተለው።

«ምነው?» አለ ቀዶ ሐኪሙ ቀና ሳይል።

«ትንሽ ፈጥነዋል። እጨምራለሁ።»

ከትሪው ሁለተኛውን መርፌ አንስታ ሰጠች። ቆማ ጠበቀች። ምንም የለም። ቱቦውን አየች፤ በቦታው ነው። ሳንባቸውን በግራም በቀኝም አዳመጠች፤ ደህና ነው። የሚያስተኛውን ጋዝ ከፍ አደረገችው፤ ከዚያ በላይ የተዳከመ ልብ አይችለውም። ልባቸው ግን መቶ አርባን አለፈ። ጎንበስ ብላ ፊታቸውን ስታይ፣ ፕላስተር ካሸገው ዓይናቸው ጥግ እንባ እየወረደ ጆሯቸው ውስጥ ይገባል።

ጡንቻው የላላ ሰው ጣቱን እንኳ ማነቃነቅ አይችልም። አፉ ተዘግቷል፣ እጁ ታስሯል፤ ሕመሙን የሚናገርለት ልቡ፣ ግፊቱና እንባው ነው። ይህንንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

«ቀጮ» አለ ቀዶ ሐኪሙ፣ አሁን እጁን አቁሞ። «ሰውየው እየተሰቃዩ ነው። እንደዚያች ሴትዮ እንዳይሆን።»

«እያየሁት ነው ዶክተር።»

«ስታይ ነበር ያን ጊዜም።»

ያቺ ሴትዮ ልብስ ሰፊ ነች። ባለፈው ሳምንት የሐሞት ከረጢቷ በኦፕራሲዮን ወጥቶ፣ ከሰመመኗ ስትነቃ የቀጮን ክንድ ጥፍሯ እስኪሰምጥ ያዘችና «ሰማሁ» አለቻት። «ምኑን ሰማሽ እናቴ?» ብትላት፣ «ሲቀዱኝ። ልጮህ ብል አፌ እምቢ አለኝ» አለች። እስከ ዛሬ ዎርድ ውስጥ ተኝታለች፤ የቀጮን አረንጓዴ ልብስ ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ቀዶ ሐኪሙ በሰው ፊት «እጅሽ ሰስቷል፣ ሰው አሳርደሻል» ብሎ ጮኸባት። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አልዞረም። እህል ስትቀምስ ይተናነቃታል። ሥራውን ትታ ምን እንደምትሠራ ማሰብ ሁሉ ጀምራ ነበር። ትከሻዋን ደገፍ አድርገው ያጽናኗት ጋሼ ብቻ ናቸው። «ሰው ይለያያል ልጄ» ነው ያሏት። «አንዳንዱን መድኃኒት አይዘውም። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

አሁን ደግሞ ራሳቸው ናቸው እጇ ላይ ያሉት። እጄ ተረግሟል፣ አለች በልቧ። አባቴን በገዛ እጄ ላሳርደው ነው። የማሽኑን ጠርዝ ይዛ ቆመች። ያን ጊዜ ነው፣ ሁሉም ነገር ጨልሞባት ሳለ፣ «አዲስ ስበሪልኝ» ያሏት ትዝ ያላት። ለምን እንዳሉት አላሰበችም። የሚያዝዛት ሰው ስለቸገራት ብቻ የመጨረሻ ትእዛዛቸውን ያዘች።

ቁምሳጥኑን ከፍታ አዲስ አምፑል አወጣች። አንገቱን ሰበረች፣ በራሷ መርፌ ሞላች፣ ሰጠች፣ ዓይኗን ሞኒተሩ ላይ ተከለች። መቶ አርባ ሁለት። መቶ ሠላሳ ስድስት። መቶ ሠላሳ። ሌላ ሰበረች። መቶ አሥራ አምስት። ለሦስት ሰው የሚበቃ ሞርፊን ከገባ በኋላ ነው ልባቸው ዘጠናዎቹ ውስጥ ገብቶ የረጋው። እንባውም ቆመ።

«ምን አደረግሽላቸው?» አለ ቀዶ ሐኪሙ። «አሁን ተኙ።»

«አዲስ ሰበርኩላቸው።»

ቀዶ ሐኪሙ ወደ ሥራው ተመለሰ። ቀጮ ግን ሁለቱን መርፌዎች፣ የጋሼንና የራሷን፣ ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸው። ሁለቱም እንደ ውሃ የጠሩ ናቸው፤ ዓይን አይለያቸውም። ማስኳን ዝቅ አደረገች። ማንም እንዳላያት አይታ፣ ከትሪው መርፌ የተረፈችውን ጠብታ ምላሷ ላይ ጣል አደረገች። ሞርፊን መራራ ነው። ይሄኛው ጨው ጨው አላት፤ የጨው ውሃ ነው።

መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር፤ ይህን ለማንም አትናገረውም። እጇ ንጹሕ ነው ማለት ነው። ልብስ ሰፊዋን ያሳረደቻት እሷ አይደለችም። ደስታው ግን አንድ ትንፋሽ እንኳ አልቆየም፤ ምክንያቱም ሞርፊኑ በሽተኛው ጋር ካልሄደ፣ የሄደበትን ታውቃለች። በመርፌ ብዛት የሞተውን ደም ሥር አሰበች። ለሦስት ሰው የሚበቃውን መድኃኒት እንደ ዘበት የዋጠውን ገላ አሰበች። ትከሻዋ ላይ ያረፈውን እጅ አሰበች፤ «አንቺ ምንም አላጠፋሽም» ሲሏት እውነት ነው የተናገሩት፣ ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ስንት ሰው አሳስቀው እንደወሰዱ ማሰብ ጀመረች። ተናደደች። ከመናደዷ ይልቅ ግን አዘነችላቸው፤ በማዘኗም ደግሞ በራሷ ተናደደች።

ኦፕራሲዮኑ ሲያልቅ የየክፍሉን ትሪ ሰበሰበችና «ሰዓቱ አልፎበታል፣ እንደገና እሞላለሁ» ብላ፣ እያንዳንዱን መርፌ የመታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ደፋችው። ለቀጣዩ በሽተኛ አዲስ ተሞላለት፤ የሥራ ጓደኛዋም ተራዋን ወሰደችላት። እንግዲህ ቀጮ ያን ሰዓት ያደረገችውን ልብ ብላ አላደረገችውም። ጉዱን መደበቋ ነበር። የራሷንም ንጽሕና ከውሃው ጋር አብራ ማፍሰሷ ነበር።

በሩ ላይ የጋሼ ባለቤት ቆመዋል። ነጠላ ጫማ በተለያየ ካልሲ አድርገው፣ ከቤት እንደተጠሩ ሮጠው የመጡ ናቸው።

«እንዴት ሆነልኝ ልጄ?»

«አንጀታቸው ተርፏል እማማ። አሁን ወደ ማገገሚያው እየወሰድናቸው ነው።»

«እግዜር ይስጥሽ። አንቺ ነሽ ያስተኛሽው አሉኝ፤ ደስ አለኝ። ሁሌ ስላንቺ ነው የሚያወራው።» እንባቸውን በእጃቸው ጠረጉ። «እሱ እኮ የሰው ሕመም ተሸክሞ ነው ቤት የሚገባ። ሌሊት ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል። ምን ሆንክ ስለው ሥራ ነው ይለኛል። በእረፍቱ ቀን እንኳ ቤት መዋል አይችልም፤ ጠዋት ሆስፒታል ሲገባ ነው ደህና የሚሆን። እንዲህ ሥራውን የሚወድ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ቀጮ ወንበር ሳበችላቸው። «ይቀመጡ እማማ» ብቻ ብላ አለፈች።

ማገገሚያ ክፍሉ ውስጥ ጋሼ ቱቦው ወጥቶላቸው፣ ጣታቸው ላይ ኦክስጅን የሚለካው መቆንጠጫ ተደርጎላቸው ተኝተዋል። የክፍሉ ነርስ ደልደል ያለች፣ ሥራዋን የምታውቅ ሴት ነች። ሞኒተሩን አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«ቀጮ፣ ትንፋሻቸው ቀንሷል። ኦክስጅናቸውም እየወረደ ነው።»

እውነቷን ነው። በኦፕራሲዮኑ መሀል የገባው ሁሉ፣ ምናልባትም ጠዋት ራሳቸው በድብቅ የወሰዱት ተደምሮ፣ አሁን ሕመሙ ጋብ ሲል ከላይ ተጫናቸው። ደረታቸው አንድ ጊዜ ይነሣና ይቆያል፤ ሌላው ትንፋሽ ይምጣ አይምጣ አይታወቅም። የሞኒተሩ ድምፅ ቁጥሩ ሲወርድ እየወፈረ ይሄዳል። ዘጠና። ሰማንያ ስድስት። ነርሷ ከመሳቢያው የሞርፊን ማርከሻውን አወጣች።

«ልስጣቸው?»

ቀጮ እጇን ዘረጋች። «ቆይ።»

«ምን እቆያለሁ? ሰማንያ ሁለት ነው እኮ።»

«ቆይ አልኩሽ። እኔ እይዛቸዋለሁ።»

ማርከሻው ለሌላ ሰው ሕይወት ነው። ሞርፊን ለለመደ ገላ ግን በአንድ ጊዜ ሁሉን ነገር ይነጥቀዋል፤ ሆዱ ገና የተሰፋ ሰው በአልጋው ላይ እየተወራጨ፣ እያስታወከ፣ እየጮኸ ጉዱ በአደባባይ ይወጣል፤ ልቡም ላይችለው ይችላል። ቀጮ አገጫቸውን በሁለት እጇ ወደ ላይ አነሳች፤ ኦክስጅኑን ከፈተች፤ አፏን ጆሯቸው ሥር አደረገች።

«ተንፍሱ ጋሼ። ተንፍሱ።»

ምንም።

«አባ ተንፍስ! እርስዎን ነው። ተንፍሱ!»

ደረታቸው ተነሣ። እንደገና ጠበቀች፣ እንደገና አለቻቸው፣ እንደገና ተነሣ። ሰው ሁሉ ሳያስበው የሚያደርገውን ነገር አንድ በአንድ እየለመነች አስደረገቻቸው። ክንዷ ዛለ፤ ላብ በጀርባዋ ወረደ። ቁጥሩ ሰማንያ ሁለት ላይ ቆመ፤ ቆይቶ ሰማንያ አምስት አለ፤ እንዲያው በግድ እየተጎተተ ዘጠናን ተሻገረ። ነርሷ ማርከሻውን እንደያዘች ቆማ ታያታለች።

«እንዲህ ሲደረግ አይቼ አላውቅም» አለች። «መድኃኒቱ እያለ?»

«ኃላፊነቱ በኔ።»

«በኃላፊነት አይደለም የጠየቅሁሽ» አለች ነርሷ፤ ግን ሌላ በሽተኛ ጠራትና ሄደች።

ጋሼ ዓይናቸውን የከፈቱት ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐይዋ በመስኮቱ መጥታ አልጋው እግር ላይ ስትደርስ። መጀመሪያ ሞኒተሩን አዩ፣ የለመደባቸው ነውና። ከዚያ እሷን አዩ።

«የቱን ሰጠሽኝ?» አሉ። ድምፃቸው ከቱቦው የተነሣ ሻክሯል።

«መጀመሪያ የእርስዎን።»

ጣታቸውን ወደ ዓይናቸው ጥግ ወሰዱ።

«አልቅሰዋል» አለች ቀጮ። «እንባዎ ጆሮዎ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ።»

«ነግሬሽ ነበር።»

«አልነገሩኝም። አዲስ ስበሪ ነው ያሉኝ።»

«ሌላ ምን ልበልሽ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ልበል?»

«እንዳሉኝም ባደርግ ዝም ብለው ሊተኙ ነበር። ትሪው ለሚቀጥለው ሰው ይሄድ ነበር።»

ፊታቸውን አዞሩ። ጉንጫቸው ላይ ያደረው ነጭ ጢም ብቅ ብቅ ብሏል፤ ያን ጊዜ እንዴት እንዳረጁ አየች። «ወገቤን ብዬ ነው የጀመርኩት» አሉ ለግድግዳው። «አንድ ሰሞን ብቻ ብዬ። የተረፈውን ነበር የምወስደው፣ ሊደፋ ያለውን። ከዚያ የተረፈው አልበቃ አለኝ። ነገ እተዋለሁ እላለሁ። ነገ ሲመጣ ደግሞ ዛሬ ይሆናል።»

«ልብስ ሰፊዋስ?»

አንሶላውን ወደ ደረታቸው ሳቡ።

«እኔስ ጋሼ? እጄ ተረግሟል ብዬ ነበር እኮ። እያዩኝ። እዚያው አጠገቤ ቁጭ ብለው እያዩኝ።»

«አውቃለሁ።» እጃቸው አንሶላው ላይ ተንቀሳቅሶ እጇን ፈለገ፤ ቀጮ አልሰጠቻቸውም፣ ግን አላራቀችውም። «በሞቴ ልጄ። ሆድ ይፍጀው በይኝ። ሚስቴ አታውቅም። ልጆቼ አያውቁም። ስሜ ነው የቀረኝ። ከዚህ አልጋ ስነሣ ከሥራው እለቃለሁ፤ ቁምሳጥኑ አጠገብ አልደርስም።»

«እስከዚያስ? ዛሬ ማታ የሚረከቡት ልጆች ምን ያውቃሉ? ለሌላ ሰው የሚሰጡትን ነው የሚሰጡዎት፤ እርስዎን አይነካዎትም። ወይ ደግሞ ትንፋሽዎ ዝቅ ሲል ማርከሻውን ይሰጡዎታል። እኔ ሁልጊዜ አገጭዎን ይዤ አልቆምም።»

«ልሰቃይ» አሉ። «ይገባኛል። ልሰቃይ ግን ዝም በይ።»

እንዲህ ሲሉ ግንባራቸው ላይ ላብ ፈልቆ ነበር። መድኃኒቱ እየለቀቃቸው ነው። ሞኒተሩም አልደበቀላቸውም፤ ልባቸው እንደገና መሮጥ ጀምሯል። አንሶላውን ጨብጠው ጥርሳቸውን ነከሱ። ይህን ሰው ወደደችው ማለት ቀላል ነው። አሁንም ትወደዋለች፤ ክፉው ነገር ይህ መውደዷ ነው። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። ትሪው ተደፍቷል። ልብስ ሰፊዋ ነገ ከነገ ወዲያ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ቀጮ «እጀ ሰስታም» እንደተባለች ትኖራለች፤ ስንቱ ሰው ከዚህ የባሰ ስም ተሸክሞ ይኖር የለ።

ነርሷ ተመልሳ መጣች። «ምነው ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ? ልብዎ መቶ ሃያ ገብቷል።» አንዲት መርፌ በእጇ ይዛለች። «ይኸው፣ አይዞዎት፣ አሁን ያርፋሉ።»

ቀጮ መርፌውን አየች። ፕላስተሩ ላይ ያ ግልጽ ጽሕፈት አለ። የኦፕራሲዮን ክፍሎቹን ትሪ ስትሰበስብ የማገገሚያው መሳቢያ ጨርሶ ትዝ አላላትም።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከመሳቢያዬ ነዋ» አለች ነርሷ ፈገግ ብላ። «ራሳቸው ጠዋት የሞሉልኝ ናቸው። የራሳቸውን ድግስ ራሳቸው ይቅመሱት እንጂ።»

ቀጮ ወደ ጋሼ ዞረች። ያውቃሉ። ጽሕፈታቸውን አይተዋል። አንድ ቃል ቢናገሩ፣ «ተይው» ቢሉ እንኳ፣ ምክንያቱን ሌላ ጊዜ ትፈልግለት ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፈኑና እጃቸውን፣ ያቺ አንዲት ደም ሥር የቀረችውን እጅ፣ ለነርሷ ዘረጉላት። ሆዳቸው ከላይ እስከ ታች ተቀዶ ተሰፍቶ፣ ውሃ ለመወጋት እጃቸውን ሰጡ።

ነርሷ የመርፌውን ጫፍ ከግሉኮሱ ቱቦ ጋር ልታገናኝ ስትል ቀጮ አንጓዋን ያዘቻት።

«ያንን ተይው» አለች። «አዲስ ስበሪላቸው።»

«ለምን?» አለች ነርሷ።

ጠዋት ቀጮ ያልጠየቀችው ይህን ነው። ጋሼ ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋት፤ ጭንቅላታቸውን በትራሱ ላይ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አንቀሳቀሱ፣ እንደሚለምን ልጅ። የሞኒተሩ ድምፅ ተጣደፈ። በመስታወቱ በር በኩል ባለቤታቸው ካልሲያቸውን ሲያስተካክሉ ይታያሉ። ቀጮ የጋሼን እጅ አነሳችና በሁለት እጇ መሀል ያዘችው። ቀዝቅዟል፣ በላብ ርሷል።

«ውሃ ስለሆነ ነው» አለች። «እንዳትጥዪው፤ መርፌውን እንዳለ አስቀምጪልኝና ዶክተሩን ጥሪው። መጀመሪያ ግን አዲስ ስበሪላቸው።»